ግራና ቀኝ ክንድ የተለያየ ግፊት ሲያሳዩ የቱን እንመን?

ባሕር ዳር ላይ ግፊት ለመለካት ዛሬ የግድ ሆስፒታል መሰለፍ አያስፈልግም። ፋርማሲ ጎራ ብሎ መለካት ይቻላል። ጤና ጣቢያም ይለካል። ዲጂታል መለኪያ ቤታቸው ያስቀመጡ ቤተሰቦችም አሉ፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናት ለአባቱ ከሚልካቸው ዕቃዎች አንዱ ሆኗል። ጥሩ ነገር ነው። ልኬቱ ሲበዛ ግን ግራ መጋባቱም አብሮ መጣ። በተለይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ «በቀኝ ስለካ 148፣ በግራ ስለካ 132። የኔ ግፊት የቱ ነው?»

ከጎረቤት የሚገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ይባላል። «ግራው ለልብ ቅርብ ነው፣ እሱን እመን» ይባላል። ወይም ደግሞ «ዝቅ ያለውን ያዝና አትጨነቅ» ይባላል። የመጀመሪያው አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መሠረት የለውም። ሦስተኛው ግን ሰው ይጎዳል። ዝቅ ያለውን ቁጥር ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ደም ብዛት እያለበት ለዓመታት ጤነኛ ነኝ ብሎ ሊኖር ይችላል። ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ምልክትም አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ደም ብዛት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም።

ቁጥሩ የሚነግረን ምንድን ነው?

የመለኪያው ጨርቅ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ አየር ሲሞላ በክንዱ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ቧንቧ ለአፍታ ይዘጋዋል። አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ ደሙ እንደገና ማለፍ ይጀምራል። ማሽኑ ወይም ማዳመጫ የያዘው ባለሙያ ያንን ይከታተላል። የላይኛው ቁጥር ልብ ሲኮማተር ያለው ግፊት ነው። የታችኛው ልብ ሲላላ ያለው ነው። የቁጥሮቹ መለኪያ አሃድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይባላል። ጤና ተቋም ውስጥ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከሆነ፣ ወይም ከዚያ ካለፈ፣ በአብዛኛው ደም ብዛት ይባላል።

ማሽኑ የሚለካው በተጠመጠመበት ቦታ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ልብ አጠገብ ያለውን በቀጥታ አያየውም። እኛ ነን ከክንዱ ተነስተን ስለ ቀረው ሰውነት የምንገምተው። ግምቱ የሚሠራው ከልብ እስከ ክንድ ያለው መንገድ ክፍት ከሆነ ነው።

አንድ ልብ፣ ሁለት መንገድ

ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታ ይባላል። ደረት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ይታጠፋል። ከመታጠፊያው ላይ ሦስት ትልልቅ ቅርንጫፎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ትንሽ ሄዶ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ክንድ፣ ሌላው በቀኝ አንገት በኩል ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ሁለተኛው ቅርንጫፍ በግራ አንገት በኩል ወደ ጭንቅላት ነው። ሦስተኛው በቀጥታ ወደ ግራ ክንድ ያመራል። ስለዚህ የሁለቱ ክንዶች የደም መንገድ ከመነሻውም አንድ ዓይነት አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይም ትንሽ ልዩነት መታየቱ የሚጠበቅ ነው።

ትልቅ ልዩነት የሚመጣው አንደኛው መንገድ ሲጠብ ነው። መስኖ ቦይ ውስጥ ድንጋይ ቢወድቅ ከድንጋዩ በላይ ያለው ውሃ ይሞላል፣ ከድንጋዩ በታች ያለው ግን ጉልበት ያጣል። ደም ቅዳ ሲጠብም እንደዚያው ነው። ከጥበቱ ወዲያ ያለው ክንድ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ዝቅ ያለው ክንድ ነው እንግዲህ ችግር ያለበት። ከፍ ያለው ደግሞ ሰውነቱ በእውነት የተሸከመውን ግፊት ወደ መናገሩ የቀረበ ነው።

«ግራው ለልብ ቅርብ ነው» የሚለው አባባል የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው። የደም ቅዳ ጥበት በብዛት የሚገኘው ወደ ግራ ክንድ በሚሄደው ቧንቧ ላይ ነው። ግራውን ብቻ የሚያምን ሰው እንግዲህ ሊያታልለው የሚችለውን ክንድ መርጦ ይዟል ማለት ነው። የብዙ ማሽኖች መመሪያ ላይ ያለው ሥዕል ግራ ክንድ ማሳየቱም ይህን እምነት ሳያጠናክረው አልቀረም።

ልዩነቱ ስንት ሲሆን ነው ትኩረት የሚሻው?

በላይኛው ቁጥር እስከ 10 የሚደርስ ልዩነት የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ክርክር አለ።

የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ መስመሩን 15 ላይ ያሰምራል። ልዩነቱ ከ15 ካለፈ ልኬቱ ይደገም፣ አሁንም ካለ ከዚያ በኋላ ከፍ ባለው ክንድ ይለካ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን 10ን ይወስዳል። ሁለቱም ባዶ ሜዳ ላይ አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ስብስብ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ያላቸው ሰዎች ላይ የእግር ደም ቧንቧ ጥበትና የስትሮክ ታሪክ በብዛት እንደሚታይ፣ በልብና በደም ቧንቧ ሕመም የመሞት ዕድላቸውም ከፍ እንደሚል አሳየ። በኋላ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ ሌላ ጥናት ደግሞ አደጋው ከ15 በታችም እንደሚጀምር አመለከተ። እያንዳንዱ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት በ10 ዓመት ውስጥ በልብ ምክንያት የሚመጣ የደረት ሕመም፣ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ የመያዝን ዕድል በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል ነው የሚለው።

ይህ 1 በመቶ በትክክል ካልተነበበ ያስደነግጣል። ጭማሪው የሚታሰበው ሰውየው ቀድሞ ባለው አደጋ ላይ ነው። ለምሳሌ ከ100 ተመሳሳይ ሰዎች 10ሩ በ10 ዓመት ውስጥ ይታመማሉ ብንል፣ በሁለቱ ክንዶች መካከል የ10 ልዩነት ያላቸው ሌሎች 100 ሰዎች ጋ ቁጥሩ ወደ 11 ያድጋል ማለት ነው። ለአንድ ሰው እንቅልፍ የሚነሳ ጭማሪ አይደለም። ለሐኪም ግን ጠቃሚ ምልክት ነው። ይህን ምልክት ለማግኘት ደግሞ ጨርቁን ወደ ሌላው ክንድ ማዞር ብቻ ይበቃል።

ለተራው ሰው የቱ መስመር ይሻላል? እንደ እኔ 10 እንደገና በጥንቃቄ ለመለካት ምክንያት ይሁን። ተደጋግሞ ከ10 በላይ የሚመጣ ልዩነት በሚቀጥለው ቀጠሮ ይነገር። ደጋግሞ ከ15 በላይ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

አብዛኛው ልዩነት ከአለካኩ ነው የሚመጣው

ወደ ሕመሙ ከመሄድ በፊት እዚህ ላይ ረጋ ማለት አለብን። ሰዎች «ልዩነት አገኘሁ» ከሚሏቸው ልኬቶች ብዙዎቹ በሥርዓት ሲደገሙ ይጠፋሉ።

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ግፊት በየደቂቃው ይለዋወጣል። የመጀመሪያው ልኬት ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሰው ይጨነቃል፣ ማሽኑ ክንዱን ሲጨብጠው ይደነግጣል። በቀኝ ጀምሮ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በግራ የተለካ ሰው ልዩነቱ የክንድ ሳይሆን የሁለት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ዘዴ ሁለቱንም ክንድ በሁለት መለኪያ በአንድ ጊዜ መለካት ነው። ያ ካልተቻለ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ እያሉ ማነጻጸር ነው። በሁለቱም ዙር አንዱ ክንድ ከፍ ካለ ያኔ ወሬው ሌላ ነው።

ሁለተኛው የክንድ አቀማመጥ ነው። ክንድ ከልብ ትይዩ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ልኬቱ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል። ከፍ ቢል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ቆሞ መለካት፣ ጭን ላይ ማሳረፍ፣ ጎን ላይ ማንጠልጠል ሁሉም ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጭን ላይ ያረፈ ክንድ የላይኛውን ቁጥር በ4 ገደማ፣ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ክንድ ደግሞ በ6.5 ገደማ ከፍ እንደሚያደርገው አሳይቷል። ቀኙ ጠረጴዛ ላይ ግራው ጭን ላይ ሆነው ከተለኩ እንግዲህ ልዩነቱን የፈጠርነው እኛው ነን።

ሦስተኛው የጨርቁ ስፋት ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ጨርቅ ሲጠመጠም ቁጥሩ ያለ አግባብ ይሰቀላል፤ በጣም ወፍራም ክንድ ላይ እስከ 20 ሊደርስ ይችላል። ልብስም እንዲሁ ነው። በሹራብ ላይ መለካት ስህተት ነው። እጅጌን ጠቅልሎ ወደ ላይ መስቀልም ከዚያ አይሻልም፤ የተጠቀለለው ልብስ ራሱ ክንዱን ያስራል። ማውለቅ ነው የሚሻለው። አንደኛውን እጅጌ አውልቆ ሌላውን የጠቀለለ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ለካ እንጂ ሁለት ክንድ አላነጻጸረም።

የአካባቢያችንም ነገር አለ። ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ መጥቶ፣ ከወደቡ በእግሩ ፈጥኖ ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ቁጭ እንዳለ ቢለካ ቁጥሩ መንገዱን ይነግረናል እንጂ ግፊቱን አይነግረንም። ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ሳያወራ 5 ደቂቃ ይረፍ። ሽንት ካለው ቀድሞ ይሽና። ቡናም አለ። የዘጌ ቡና ባለበት አገር ይህን መናገር ይከብዳል፤ ግን ከቡናው በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ሲጋራም እንዲሁ። ጫት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ቅመም ግፊትንና የልብ ምትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት በሰፊው ስለሚበቅል ለኪው ሳያፍር ቢጠይቅ፣ ተለኪውም ሳይደብቅ ቢናገር ይጠቅመዋል።

የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ ደግሞ ዲጂታል ማሽን ራሱ በእያንዳንዱ ልኬት የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በእጅና በማዳመጫ በባለሙያ ቢለካ ይሻላል።

ልዩነቱ እውነት ሲሆን

በሥርዓት ተለክቶ፣ በሌላ ቀንም ተደግሞ ልዩነቱ ካልጠፋ በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ላይ ዋናው ምክንያት የደም ቅዳ ውስጠኛ ግድግዳ በስብ መለጠፍ ነው። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና ራሱ ደም ብዛት ያባብሱታል። ይህ ልጣፍ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ወደ ክንድ የሚሄደውን ቧንቧ ካጠበበ የልብን፣ የአንገትንና የእግርን ቧንቧም ነክቶ ሊሆን ይችላል። የክንዶች ልዩነት ከስትሮክና ከልብ ሕመም ጋር የሚያያዘው በዚህ በኩል ነው። ክንዱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም።

ጥበቱ ሲብስ ግን ክንዱም ይናገራል። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ ልብስ በእጁ የሚያጥብ ወይም እንጨት የሚፈልጥ ሰው አንደኛው ክንዱ ቶሎ ይዝልበታል፣ ያመዋል፣ ሲያርፍ ይተወዋል። አንዳንዱን ክንዱን ሲያሠራ ራሱን ያዞረዋል። ያ የሚሆነው ደም ያነሰው ክንድ ወደ አንጎል ከሚሄደው ደም ላይ ስለሚሻማ ነው። እንዲህ ያለውን ምልክት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ወጣቶች ላይ ምክንያቶቹ ይለያሉ። ታካያሱ የሚባል የትልልቅ ደም ቅዳዎች ብግነት አለ። ስሙን ያገኘው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ከጻፈው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነው። ብርቅ ሕመም ነው፤ ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ነው የሚይዘው። አንደኛው እጅ ላይ የደም ምት እስኪጠፋ ሊያደርስ ይችላል። ወጣት ሴት ሆና በአንድ ክንዷ ግፊቷ «በጣም ዝቅ ያለ» ወይም «አልለካ ያለ» ከሆነ ደም ማነስ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ሌላኛው ክንድ ይለካ። ከልደት ጀምሮ አኦርታ የጠበበባቸው ልጆችና ወጣቶችም አሉ። እነሱ ላይ ዋናው ልዩነት በክንድና በእግር መካከል ነው፤ አንዳንዴ ግን በሁለቱ ክንዶችም ይታያል። በወጣትነቱ ደም ብዛት የተገኘበት ሰው የእግሩ የደም ምት ሊዳሰስለት የሚገባው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ጥበት ከጠረጠረ የሁለቱን እጆች የደም ምት ይዳስሳል፣ ከአንገት አጥንት ሥር ያዳምጣል፣ ካስፈለገ ዶፕለር አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ያዛል። ለልዩነቱ ተብሎ የሚሰጥ ልዩ ኪኒን የለም። የሚታከመው ከኋላው ያለው ነው፦ ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ኮሌስትሮሉ፣ ሲጋራው። ቧንቧውን መክፈት የሚታሰበው በአብዛኛው ምልክት ለሚያሳዩ ሰዎች ነው።

«ጊዜ የለም» የሚለው ክርክር

መመሪያዎቹ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ክንድ ይለካ፣ ከዚያ በኋላ ከፍ ባለው ይቀጠል። ጤና ተቋማት ግን በየትኛውም አገር ይህን ሁልጊዜ አያደርጉም። ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። ደጅ ላይ ሰልፍ አለ። በችኮላ ሁለት ክንድ መለካት የውሸት ልዩነት ያመርታል፤ ሰው ያለ ምክንያት ደንግጦ ይሄዳል፣ ላያስፈልገው ምርመራ ገንዘብ ያወጣል። አንድን ክንድ በደንብ መለካት ሁለቱን በችኮላ ከመለካት ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። በዚህ እስማማለሁ።

ግን ሚዛኑ በሌላም በኩል ይታይ። መነሻ ላይ ያነሳነው ሰው በግራው 132 ነው፤ በግራው ብቻ ቢለካ «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። በቀኙ 148 ነው፤ ደም ብዛት ሊሆን ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ሰውየው ከጣና ማዶ የመጣ ገበሬ ከሆነ ደግሞ እንደገና ለመለካት መቼ ይመለሳል? ብዙ ሰው የሚለካው በሌላ ጉዳይ ጤና ተቋም ሲመጣ ብቻ ነው። ለዚህ ሰው የመጀመሪያው ልኬት ለዓመታት ብቸኛው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ክንድ ለመለካት የሚወጣው ተጨማሪ ደቂቃ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በየቀጠሮው ይደረግ አልልም። አንድ ጊዜ፣ በደንብ።

መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ላይም ይህ ይታያል። ባለፈው ወር በቀኝ 150፣ በዚህ ወር በግራ 135 ከተለካ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ምናልባት የተለወጠው ክንዱ ብቻ ነው። ተቃራኒውም ይሆናል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ መጀመሪያ ዝቅ ባለው፣ በኋላ ከፍ ባለው ክንድ ከተለካ ያልሠራ መስሎ መጠኑ ይጨመራል። ስለዚህ ካርዱ ወይም ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን «ቀኝ» ወይም «ግራ» ተብሎ ይጻፍ። ለባለሙያው የአንድ ቃል ሥራ ነው። ታካሚውም «በየትኛው እጄ ነው የምለካው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ቤት ውስጥ ማሽን ላለው ሰው

የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ የላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ማሽን ይመረጥ። በመጀመሪያው ሳምንት በሁለት ወይም በሦስት የተለያዩ ቀናት ሁለቱንም ክንድ እያፈራረቁ ይለኩ። አንዱ ደጋግሞ ከፍ ካለ ከዚያ በኋላ እሱን ብቻ ይጠቀሙ። ልዩነት ከሌለ የተመቸዎትን ክንድ መርጠው በዚያው ይቀጥሉ። ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እያረፉ ይለኩ። ጠዋት ከሆነ መድኃኒቱ ከመወሰዱ በፊት ይሁን። ማሽኑን ከጠረጠሩ በቀጠሮዎ ቀን ይዘውት ሄደው ከባለሙያው መለኪያ ጋር ያስተያዩት። በአንድ ከፍ ያለ ቁጥር ተነስተው መድኃኒት አይጨምሩ፤ በአንድ ዝቅ ያለ ቁጥርም አያቋርጡ።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ሁኔታ

ድንገት የመጣ፣ የሚቀድ የሚመስል ከባድ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ከክንዶች ልዩነት ጋር ከታየ የአኦርታ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚገድል ነው። ግፊት እየለኩ መቆየት አይገባም፤ ወዲያው ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ወይም ወደ ቅርቡ የድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ። ድንገት ፊት መጣመም፣ አንድ ጎን መድከም ወይም አንደበት መያዝም እንዲሁ። አንድ እጅ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣና ክፉኛ ካመመም ደም ተቋርጦበት ሊሆን ስለሚችል ያው ነው።

ሁለቱንም ክንድ መለካት የማይገባቸው ሰዎችም አሉ። ለኩላሊት እጥበት ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ጥገና የተገናኘበት ክንድ አይለካም። በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት እጢ የወጣበት ጎን ያለ ሐኪም ምክር ባይለካ ይመረጣል። ግሉኮስ ወይም መድኃኒት በደም ሥር እየገባበት ያለ እጅም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ከመለካታቸው በፊት ለባለሙያው ቢናገሩ፣ የቤተሰብ አባል ቤት ውስጥ የሚለካቸው ከሆነም የትኛው ክንድ እንደማይነካ ማሽኑ ሳጥን ላይ ቢጻፍ ጥሩ ነው።